ድምፅ ወረፋ አይጠብቅም

ይሄ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ ከዚራ ተሰብስበን በኢንተርኔት ስለሚሠራ የቢሮ ስልክ ካወራነው ላይ የተጻፈ ነው፣ መምጣት ያልቻላችሁ ጻፍልን ስላላችሁኝ እንዳወራሁት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ የቢሮ አስተዳዳሪዎች፣ ሪሴፕሽን ላይ ሚሠሩ እህቶችና ጥቂት የአይቲ ልጆች ስለነበሩ ቴክኒኩን ሳላበዛው፣ ግን ደግሞ ሳልደብቀው ለማስረዳት ነው የሞከርኩት።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት የቅዳሜ ከሰዓት እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ስልክ እኮ ለኛ አካባቢ የትናንት እንግዳ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1894 በአጼ ምኒልክ ዘመን የስልክ መስመር ሥራ ሲጀመር ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ነው የተጀመረው፣ ያኔ ድሬዳዋ ራሷ ገና የለችም፣ ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው። ሳፋሪኮምም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛ የከፈተው በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2014 እዚሁ ድሬ ላይ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ያኔ ሲም ለማውጣት ተሰልፋችሁ ይሆናል። ስለዚህ ስልክ ላይ እኛ ኋላ ቀር አይደለንም፣ ቢሮዎቻችን ውስጥ ግን ስልኩ ሲበላሽ ምኑ እንደተበላሸ ሚያውቅ ሰው ብዙ የለም። ዛሬ ማወራው ስለዚህ ነው።

የድሮው የገመድ ስልክ እንዴት ነበር ሚሠራው? ሁለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከጠረጴዛችሁ ተነስቶ ማዞሪያው ድረስ ይሄዳል፣ እዛ ከሌላው ሰው መስመር ጋር ይገናኛል፣ እስክትዘጉ ድረስ ያ መንገድ የናንተ ብቻ ነው። ብታወሩም ዝም ብትሉም ሌላ ሰው አይገባበትም። የዚህ ጥቅሙ ድምፁ በመንገድ ላይ ሚጠብቀው ነገር አለመኖሩ ነው፣ ጉዳቱ ደግሞ ውድ ነው፣ ቢሮው 10 መስመር ከፈለገ 10 ጥንድ ሽቦ መሳብ አለበት፣ ክፍል ስትቀይሩ ቴክኒሻን ጠርታችሁ ሽቦ ማስቀየር አለባችሁ።

የኢንተርኔቱ ስልክ ይሄን መንገድ ሙሉ በሙሉ ቀየረው። አሁን እኔ ሃሎ ስል ስልኩ ድምፄን በሴኮንድ 8000 ጊዜ ይለካዋል፣ እያንዳንዱን ልኬት ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ ከዛ ቁጥሮቹን የ20 ሚሊሰከንድ የ20 ሚሊሰከንድ እያረገ ይቋጥራቸዋል፣ ፓኬት ሚባለው ይሄ ቋጠሮ ነው። በአንድ ሴኮንድ 50 ፓኬት ይወጣል ማለት ነው። «ሰላም» ለማለት ግማሽ ሴኮንድ ቢፈጅብኝ ያቺ አንዲት ቃል 25 ቦታ ተቆራርጣ ነው ምትሄደው። ከሳቢያን 25 ባጃጅ ተከታትሎ ወጣ በሉ፣ እያንዳንዱ የቃሏን ቁራጭ ጭኗል፣ ሁሉም ለገሃር መድረስ አለበት፣ መንገዱ ላይ ደግሞ አይሱዙም አለ፣ ጋሪም አለ፣ ሌላ ባጃጅም አለ። ለገሃር ቆሞ ሚቀበለው ሰው በተራ በተራ ተቀብሎ ቃሏን መልሶ መግጠም አለበት፣ 14ኛው ባጃጅ መንገድ ላይ ከቆመ 15ኛውን አስቁሞ ሊጠብቀው አይችልም፣ ምክንያቱም ሰሚው እየሰማ ነው። አርፍዶ ሲደርስ ይጣላል፣ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ እናንተ «ድምፅሽ ይቆራረጣል» ምትሉት ያ ባዶ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዛሬ ከማወራው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን እንድትይዙ ነው ምፈልገው። ኢሜይል ወረፋ ይጠብቃል፣ ፋይል ወረፋ ይጠብቃል፣ ሁለት ሴኮንድ ቢዘገይ ማንም አያውቅም፣ ጎድሎ ቢመጣ እንኳን ድገምልኝ ብሎ ያስልካል። ድምፅ ግን ወረፋ አይጠብቅም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለዚህ ያስቀመጠው መለኪያ አለ፣ ከአንዱ አፍ ወጥቶ ሌላው ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመከራል፣ ከዛ በጣም ሲያልፍ ሁለቱ ሰዎች እየተሻሙ ማውራት ይጀምራሉ፣ አንዱ ጨርሷል ብሎ ሌላው ሲገባ ይጋጫሉ። የቢሮ ስልክ በኢንተርኔት ሲሠራ ምናረገው አብዛኛው ነገር፣ የቢሮውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሚያገናኘው ስዊቹም፣ ኬብሉም፣ ይቺን የ150 ሚሊሰከንድ ጉዳይ ለመጠበቅ ነው።

እሺ፣ ማን ነው ታዲያ እነዚህን ፓኬቶች ወዴት እንደሚሄዱ ሚነግራቸው? ሁለት የተለያየ ሥራ አለ። አንደኛው ማገናኘቱ ነው፣ ሲፕ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1999 የወጣ ደንብ ነው፣ በ2002 ታርሞ እስከዛሬ ሚሠራበት። ሲፕን እንደ ሽማግሌ እዩት። ሽማግሌ ሁለት ቤት መሀል ይመላለሳል፣ እነ እገሌ ሊያናግሩህ ይፈልጋሉ ይላል፣ በሩ ይንኳኳል፣ ያ ስልኩ ሲጠራ ማለት ነው፣ ከተስማሙ አድራሻ ያቀባብላል፣ በምን ዓይነት ኮዴክ፣ ማለት ድምፁን ወደ ቁጥር በሚቀይር ዘዴ፣ እንደሚያወሩ ያስማማል፣ ከዛ ወደ ጎን ይላል። ሁለተኛው ሥራ ወሬው ራሱ ነው፣ ድምፁን ሚያመላልሰው አርቲፒ ሚባለው ነው፣ በሌላ መንገድ ነው ሚሄደው። ስልኩ ጠርቶ ተነስቶ ድምፅ ከሌለ እንግዲህ ሽማግሌው ሥራውን ሠርቷል፣ የተበላሸው የወሬው መንገድ ነው። ይሄን መለየት ብቻ ለአይቲ ልጆች የግማሽ ቀን ድካም ይቀንስላቸዋል።

መሀል ላይ ደግሞ የቢሮው ማዞሪያ አለ፣ ድሮ ግድግዳ ላይ ሚሰቀል ትልቅ ሣጥን ነበር፣ አሁን ሰርቨር ላይ ሚጫን ሶፍትዌር ነው። በፈረንጆቹ 1999 ማርክ ስፔንሰር ሚባል አሜሪካዊ ወጣት ለራሱ ትንሽ ድርጅት ማዞሪያ መግዛት ከብዶት አስተሪስክ ሚባለውን በራሱ ጻፈ፣ በነፃም ለቀቀው፣ ዛሬ ትንንሽ ቢሮዎች ውስጥ ካሉት ማዞሪያዎች ብዙዎቹ ከሥር ሲታዩ እሱ ናቸው። ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ስልክ በየተወሰነ ደቂቃው ለማዞሪያው «201 እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ይለዋል። ለዛ ነው ስልኩን ነቅላችሁ ሌላ ክፍል ብትሰኩት ኤክስቴንሽኑ፣ ማለት የውስጥ ቁጥሩ፣ ተከትሏችሁ ሚሄደው፣ ሽቦ ሚያስቀይር ሰው መጥራት ቀረ።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቢሮ አለ፣ ስሙ ይቅር፣ 30 ምናምን አይፒ ፎን፣ ማለት የኢንተርኔት ስልክ፣ አስገብተው ወር ሳይሞላ ስልኩ አይረባም ብለው ወደ ድሮው እንመለስ እያሉ ነበር። የስልክ ዕቃውን ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። እኔ ስሄድ አንድ ደብተር ይዤ ሪሴፕሽን ላይ ካለችው እህት አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁ ንጹህ ነው፣ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ አንድ ሰውዬ ደውሎ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገመችው፣ ሦስት ከሩብ ላይ እናት ናቸው፣ እንደገና ደውዪልኝ ልጄ ብለው ዘጉት፣ አራት ሰዓት አካባቢ እንደገና ንጹህ ሆነ። ደብተሩን ሳሳያት ምን አለችኝ፣ «ሒሳብ ክፍሎች ሲገቡ ነው እኮ ሚጀምረው፣ ተናግሬ ነበር»። እውነቷን ነው። ሒሳብ ክፍል ያሉት ኮምፒውተሮች ጠዋት ሲከፈቱ የትናንቱን ፋይል በሙሉ ወደ ውጭ ሰርቨር መጫን ይጀምራሉ፣ ወደ ውጭ ሚሄደው መስመር ይሞላል፣ በ20 ሚሊሰከንድ ልዩነት መምጣት ያለባቸው የድምፅ ፓኬቶች ቢሮውን ከኢንተርኔት ሚያገናኘው ራውተር ውስጥ ከትልልቁ ፋይል ኋላ ተሰልፈው አንዳንዱ 200 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይወጣል። ጂተር ሚባለው ይሄ የመድረሻ መዛነፍ ነው፣ ስልኩ ትንሽ ትንሽ መዛነፍን ይችላል፣ ፓኬቶቹን ጥቂት ሚሊሰከንድ አቆይቶ በተራ ያስተካክላቸዋል፣ ይሄን ያህል ሲሆን ግን ከአቅሙ በላይ ነው።

ዕቃ አልገዛንም። ስልኮቹን ቪላን ሚባለውን አርገን ለብቻቸው ለየናቸው፣ አንድ ግቢ ውስጥ የራሳቸው በር እንደመስጠት ነው፣ የድምፅ ፓኬቶቹ ላይ ቅድሚያ ምልክት አደረግን፣ የአይቲ ልጆች 46 ቁጥርን ታውቋታላችሁ፣ ራውተሩም ያቺን ምልክት ሲያይ እንዲያስቀድም አዘዝነው፣ የሒሳቡን ፋይል ወደ ሌሊት አዞርነው። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩላት፣ ድምፁ ንጹህ ነበር። እኔን እስከዛሬ ሚያሳዝነኝ ግን መልሱን እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀው ነበር፣ ሚጠይቃት ጠፍቶ ነው ሁለት ጊዜ ስልክ የተገዛው። ስልኩን ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ምታውለው እሷ ናት፣ ሥርዓቱን ስትመርጡም ስታስጠግኑም መጀመሪያ እሷን አስቀምጧት።

ሁለተኛው የገጠመኝ ሐረር ነው። ዋናው ቢሮ ድሬ፣ ቅርንጫፉ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ። ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል፣ የሐረሯ ልጅ ሃሎ ሃሎ ሃሎ ትላለች፣ እኔ ድሬ ሆኜ ጥርት አርጌ እሰማታለሁ፣ እሰማሻለሁ እህቴ፣ እዚህ ነኝ እያልኩ እጮሃለሁ፣ እሷ ምንም አትሰማም፣ ዘጋችው። አንድ ወገን ብቻ ድምፅ ያለው ስልክ ካያችሁ በብዛት ነገሩ አድራሻ ነው። ሽማግሌው አድራሻ ያቀባብላል ብያችሁ አልነበር? የሐረሩ ስልክ ለሽማግሌው የሰጠው አድራሻ 192.168 ብሎ ሚጀምረውን የግቢ ውስጥ አድራሻውን ነው፣ ይሄ አድራሻ በየቢሮው አለ፣ ከግቢው ውጪ ትርጉም የለውም። ጀጎል ውስጥ «መስጊዱ አጠገብ ያለው ቤት» ብሎ አድራሻ እንደመስጠት ነው፣ ዩኔስኮ ራሱ 82 መስጊድ ብሎ ነው የመዘገበው፣ የትኛው መስጊድ? የኔ ድምፅ ከድሬ ወጥቶ ያን አድራሻ ሲፈልግ ጠፋ፣ የሷ ድምፅ ግን የድሬውን ትክክለኛ አድራሻ ስለያዘ ደረሰ።

ራውተሮች ላይ ደግሞ ይሄን ላስተካክል ብሎ ሽማግሌው የያዘውን ደብዳቤ እየከፈተ ሚሰርዝ ሚደልዝ ሲፕ ኤኤልጂ ሚባል ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ ካስተካከለው ያበላሸው ይበልጣል፣ የዛን ቀንም አጠፋነው፣ ማዞሪያው ላይ የውጭውን አድራሻ በትክክል ጻፍንለት፣ በኋላ ደግሞ ሁለቱን ቢሮ በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ላይ ለብቻ በተከለለ መንገድ፣ አገናኘናቸውና አንድ ግቢ ሆኑ። አሁን ድሬ ያለ ሰው ሐረርን በሦስት ዲጂት ይደውላል፣ በሁለቱ ቢሮ መሀል ለደቂቃ ተብሎ ሚከፈል የለም።

ስለ መስመር ስፋት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ቶሎ ልበለው። ጂ 711 በሚባለው በተለመደው ኮዴክ ድምፁ ብቻውን 64 ኪሎቢት በሴኮንድ ነው፣ አድራሻው ሲጨመርበት በአንድ አቅጣጫ ወደ 90 ኪሎቢት ይጠጋል፣ ስለዚህ 10 ሰው በአንዴ ሲያወራ አንድ ሜጋቢት አካባቢ ነው፣ ሚያስፈራ ቁጥር አይደለም። መስመሩ ቀጭን ከሆነ ጂ 729 ድምፁን 8 ኪሎቢት ድረስ ይጨምቀዋል፣ ድምፁ ትንሽ ይሳሳል ግን ያግባባል። ትልቁ ጉዳይ ስፋቱ ሳይሆን መረጋጋቱ ነው፣ 20 ሜጋቢት ሆኖ ሚዋልል መስመር ከ4 ሜጋቢት የረጋ መስመር ይብሳል። 40 ሠራተኛ አለኝ 40 የውጭ መስመር ልግዛ ወይ ለምትሉም፣ አያስፈልግም፣ ሁሉም በአንዴ ወደ ውጭ አይደውልም። ኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤርላንግ ሚባል የሒሳብ ሰው ይሄን ስሌት በፈረንጆቹ 1909 ጀምሮ አስቀምጦልናል፣ እናንተ ደግሞ በጣም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ስንት ሰው በአንዴ እንደሚያወራ ለአንድ ሳምንት ቁጠሩ፣ ከዛ ላይ ትንሽ ጨምሩ።

መብራት ላይ ግን ልቆይ። የድሮው ስልክ መብራት ሲጠፋ ይሠራ ነበር፣ ለምን? ምክንያቱም ኃይሉ ከማዞሪያው በዛው የመዳብ ሽቦ ላይ 48 ቮልት ሆኖ ይመጣ ነበር፣ ማዞሪያው ጋር ደግሞ ትልልቅ ባትሪ አለ። አይፒ ፎን ይሄ የለውም። ጥሩው ዘዴ ስልኮቹ ኃይላቸውን በኔትወርክ ኬብሉ ከስዊቹ እንዲያገኙ ማረግ ነው፣ ፒኦኢ ይባላል፣ ከዛ ስዊቹን፣ ራውተሩን፣ የፋይበሩን ሣጥንና ሰርቨሩን ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ሚይዘው ሣጥን ላይ፣ መስካት። ከአራቱ አንዷን ከረሳችሁ ሌሎቹ መብራታቸው እያበራ ስልኩ ዝም ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ምትረሳው ደግሞ ያቺ ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሿ የፋይበር ሣጥን ናት። ሙቀቱንም አስቡ፣ ይሄ ድሬ ነው። የዩፒኤስ ባትሪ ሙቀት ዕድሜውን ይበላዋል፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ከካርቶን ጋር ታጭቆ መስኮት በሌለበት ተዘግቶ ያየሁት ስንት ጊዜ ነው፣ ሰርቨር ክፍላችሁ ሰው ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ሊሠራበት ሚችል ካልሆነ ባትሪውም ብዙ አይቆይላችሁም።

ስለ ሌባ ደግሞ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። አንድ ድርጅት ማዞሪያውን አለቃው ከቤቱ እንዲደውል ብሎ ለኢንተርኔት ክፍት አረገው፣ ኤክስቴንሽን 201፣ ፓስወርዱም 201። ኢንተርኔት ላይ ቀንና ሌሊት 5060 ሚባለውን የሲፕ በር እየዞሩ ሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ፣ የተከፈተ ማዞሪያ ሲያገኙ ከ100 ጀምረው ይሞክራሉ። የበዓል ዋዜማ ሌሊት ገቡ፣ ቢሮው እስኪከፈት ድረስ ስማቸውን ሰምተነው ወደማናውቅ አገሮች ውድ ቁጥሮች ሲደውሉ ከረሙ፣ ከነዛ ቁጥሮች ገቢ ሚካፈሉት ራሳቸው ሌቦቹ ናቸው። ሒሳቡ መጣ፣ የደወለው የነሱ ማዞሪያ ስለሆነ ከፋዩም እነሱ ሆኑ። መከላከያው ከባድ አይደለም፣ ማዞሪያውን ለኢንተርኔት ባዶውን አትክፈቱት፣ ከቤት ሚደውል ሰው በቪፒኤን ይግባ፣ ፓስወርዱ ረጅምና ከቁጥሩ ጋር ማይገናኝ ይሁን፣ ደጋግሞ ሚሳሳት አድራሻ ይታገድ፣ የውጭ አገር ጥሪ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ይከፈት፣ ሌሊት ለሁሉም ይዘጋ። ክሊኒክ ያላችሁ ደግሞ፣ የበሽተኛ ጉዳይ በስልክ ስለሚወራ ድምፁ ተመስጥሮ እንዲሄድ አስደርጉ፣ አዳዲሶቹ ስልኮች አብዛኞቹ ይችላሉ፣ ተዘግቶ ስለሚመጣ ነው ማንም ማይጠቀምበት።

ሕጉስ? ይሄን ጥያቄ አንድ ጋሼ ገና ከበር ነው የጠየቁኝ። በኛ አቆጣጠር በ2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ሲወጣ በኢንተርኔት ማውራት ራሱ ወንጀል ሆነ ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር፣ በኋላ ስካይፕ መጠቀም እንዳልተከለከለ መንግሥት ራሱ ተናግሯል። ከባዱ ጥፋት ከውጭ አገር ሚመጣን ጥሪ ኦፕሬተሩን አሳልፎ አስገብቶ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ ማከፋፈል ነው። የቢሯችሁ የውስጥ ስልክ በኔትወርክ ሲሠራና ወደ ውጭ ሚወጣበት መስመር ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር በውል የተወሰደ ሲሆን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በርካሽ የውጭ መስመር እሰጣችኋለሁ ብሎ ከመንገድ ሚመጣ ሰው ካለ ውሉን ጠይቁት፣ ፈቃዱን ጠይቁት።

መጨረሻ ላይ አንዲት እህት እጇን አውጥታ የጠየቀችው ጥያቄ ነበር፣ «አደጋ ቢፈጠር ከዚህ ስልክ አምቡላንስ መጥራት እችላለሁ?» አለችኝ። በጣም ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም ስልክ ሲገጠም ማንም አይጠይቀውም። ብዙ ቢሮ ውስጥ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 ይመታል አይደል? እንግዲህ አንድ ሰው ደንግጦ የአምቡላንሱን 907 ቢመታ ማዞሪያው 9ኙን የውጭ መስመር ጥያቄ ነው ብሎ ይወስደዋል፣ የቀረው 07 ነው፣ 07 ደግሞ የሞባይል መነሻ ስለሆነ ቀሪዎቹን ዲጂቶች ይጠብቃል። እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ 907 መትቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ፣ ምንም የለም፣ ጸጥ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ነበር፣ አሥር ሴኮንድ አለፈ፣ ከዛ ቱ ቱ ቱ ብሎ ተዘጋ። የታመመ ሰው አጠገባችሁ ወድቆ ያን አሥር ሴኮንድ አስቡት። የፖሊሱ 991ም እንደዛው ነው፣ 91 ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል። ማስተካከያው ማዞሪያው ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ነው፣ እነዚህ ቁጥሮች 9 ቢመታባቸውም ባይመታባቸውም ወዲያው ይውጡ ብሎ።

የሐረሩ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመርን። የነሱ የውጭ ጥሪ በድሬ በኩል ስለሚወጣ፣ ከሸዋ በር አምቡላንስ ቢጠሩ ጥሪው ከድሬዳዋ የመጣ ሆኖ ነው ሚታየው። ለዛ ብለን ሐረር ላይ አንድ የድሮ የገመድ መስመር፣ በ025 ሚጀምረውን፣ ሳናስቆርጥ አስቀረነው፣ የአደጋ ቁጥሮች በእሱ ብቻ እንዲወጡ አረግን፣ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም እሱ ይሠራል። ቀይዋ ስልክ ሪሴፕሽኑ ጠረጴዛ ላይ ናት፣ ከላይዋ 907 እና 991 ብላ የሐረሯ ልጅ በማርከር ጽፋባታለች፣ በየወሩ መጀመሪያም አንስታ የመስመሩ ድምፅ መኖሩን ትሰማለች።